ጂዳ የተሻገረው ምራቂ

የመጀመሪያውን ቦሎቄያችንን ወደ ጂዳ የላክን ቀን የሆነውን ላውጋችሁ። መኪናው ተጭኖ ጉምሩክ ግቢ ቆሟል፤ ጅቡቲ ያለው መርከብ ደግሞ እኛን አይጠብቅም። ፈታሹ ጆንያውን ከሰነዱ ጋር አመሳከረና «አባባ፣ አንድ ጆንያ ይተርፋል» አለኝ። ሲጫን አንድ በአንድ የቆጠርኩ ሰው ነኝና ደሜ ፈላ። «አንተ ነህ የተሳሳትከው፣ እንደገና ቁጠር!» አልኩት። ለካ ዕድሜዋን ሙሉ ቀፊራ ገበያ እህል የሸጠችው ሸሪኬ ዘይነባ፣ እኔ ዞር ስል አንድ ጨምራ አስጭናለች። «ምራቂ ነው!» አለች ደረቷን ነፍታ። «አዲስ ደንበኛ እንዴት ሳይጨመርለት ይሸኛል? ወላሂ ነውር ነው!»

ፈታሹ ሳቁን ዋጠ። «እማማ፣ ሰነድ ላይ የሌለ አይወጣም። ወይ አውርዱት፣ ወይ ሰነዱን አሠርታችሁ ነገ ተመለሱ።» ነገ ከተባለ መርከቡም ደንበኛውም አመለጡን ማለት ነው። ጆንያውን አስወረድኩት፤ ዘይነባ አኮረፈችኝ። ዕቃው በሰላም ሲደርስ ነገሩን ለደንበኛው በስልክ አጫወትኩት። ሳቀ፣ ሳቀና ሌላ ጭነት አዘዘን። በዚህኛው ሰነድ ላይ ከሽያጩ ሥር «አንድ ጆንያ፣ ያለ ክፍያ፣ ስጦታ» ብዬ አስጻፍኩ። ያው ፈታሽ አነበበና ማኅተሙን መታ። «እማማ፣ ምራቂሽ አለፈ» አላት። ዘይነባ ወደ እኔ ዞራ «አየህ? ቀፊራን ጂዳ አደረስኳት» አለች። እኔም ኮራሁባት። መኪናው ከመነሳቱ በፊት ግን ጆንያዎቹን እንደገና ቆጠርኩ፤ ዘይነባን አውቃታለሁ።