ከክርን በላይ

ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ታክሲ ስጠብቅ ነሲማን አገኘኋት። ትናንት ያስተማርኳት ልጅ ዛሬ የጤና ባለሙያ ሆናለች። ሰላምታዬን በቅጡ ሳትመልስ መዳፏን ዘርግታ እንደ ፕላስተር የሳሳ ነገር አሳየችኝ።

«ጋሼ ጌታነህ፣ አባባ ዛሬም አውልቀውት ወጡ። እባክዎ አብረን እንሂድና ይምከሩልኝ» አለችኝ።

አያቷ ሐጂ ዐብዱረዛቅ ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ይሰፋሉ። በዚያ ወር ሁለት ጊዜ ራሳቸውን ስተው ወድቀዋል። ሐኪሙ ምክንያቱን ለማወቅ በሚወድቁበት ሰዓት ልባቸው እንዴት እንደሚመታ ማየት አለብኝ ብሏል። ያ ስስ መሣሪያ እጃቸው ላይ ተለጥፎ የልብ ምታቸውን ወደ ነሲማ ስልክ ይልካል፤ እሳቸው ግን ያወልቁታል። ቀጣዩ መውደቅ ድንጋይ ደረጃ ላይ ቢሆንስ? ቁልቁለቱን ስንወርድ ይህ ሐሳብ እረፍት ነሳኝ፤ ልጅቷማ ልትሮጥ ምንም አልቀራት።

ሐጂ እግራቸውን ከስፌት መኪናው ፔዳል ሳያነሱ ተቀበሉን። እኔም ሳልቀመጥ ስለ ሳይንስ ጥቅም ረጅም ንግግር ጀመርኩ፤ መምህር ነኝና አመል ሆኖብኛል። በትዕግሥት አዳመጡኝ።

«መምህር፣ ኤሌክትሪክ ገላዬ ላይ ለጥፌ ልዋል?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ሐጂ፣ መብራት ሲጠፋ የእርስዎ መኪና ይቆማል?»

«ምን ያቆመዋል? እግሬ አለ።»

«ይህ መሣሪያም እንደዚያው ነው። ሶኬት ላይ አይሰካም። ሲንቀሳቀሱ ከእንቅስቃሴዎ ጥቂት ኃይል ወስዶ ይሠራል፤ ሲታጠፉም አብሮ ይታጠፋል።»

ነገሩ ጣማቸው። ፊታቸው ግን ወዲያው ተመልሶ ጨለመ።

«እሺ፣ ከሶላት በፊት የምታጠበው ውዱእስ? ውኃው ቆዳዬን ሳይነካ ሶላቴ እንዴት ይሆናል? ለውዱእ አወልቀዋለሁ፤ ከዚያ እረሳዋለሁ።»

«ለምን አልነገሩኝም አባባ?» አለች ነሲማ።

«መች ጠየቅሽኝ? ሽማግሌ አዲስ ነገር አይወድም ብለሽ ተቆጣሽ እንጂ።»

አፈርኩ፤ እኔም ያንኑ ብዬ ነበር የመጣሁት። የወደቁት መቼ እንደነበር ጠየቅኳቸው። ሁለቱንም ጊዜ ውዱእ አድርገው ብድግ ሲሉ ነው። ነሲማ ደነገጠች። ሐኪሙ የሚፈልጋት ደቂቃ መሣሪያው ወልቆ የሚቀመጥባት ደቂቃ ነበረች።

«ውኃው እስከ ክርን አይደል?» አለች ቀስ ብላ። «ከክርን በላይ ብናደርገውስ?»

ሐጂ ትንሽ አሰቡና «እሱማ ምን ክፋት አለው» ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። እንዳይላቀቅ ከቁራጭ ጨርቅ ማሰሪያ የሰፉለትም ራሳቸው ናቸው።

ብዙ ቀን ሳይቆይ፣ ከውዱእ ሲነሱ ልባቸው ለአፍታ ቀጥ ስትል መሣሪያው መዘገበ። ሐኪሙም አይቶ ሕክምና ጀመረላቸው። ከዚያ ወዲህ ሐጂ አልወደቁም፤ እንዲያውም መሣሪያው ለታዘዘላቸው ጎረቤቶቻቸው ማሰሪያ እየሰፉ መካሪ ሆነዋል።

በሽታ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ተደብቆ ቤት ሲገቡ ብቅ የሚልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከሰው ጋር ውሎ የሚያድር ጠባቂ ትልቅ ጥቅም አለው፤ መብራት ሲጠፋ የማይጠፋ መሆኑ ደግሞ ለጀጎልም ከከተማው ውጭ ላለው ለድሬ ጠያራ ገበሬም ይበጃል። ነሲማ ዛሬ ለአዛውንቶች መሣሪያውን ስታስር፣ ስለ ጥቅሙ ከመናገሯ በፊት መቼ መቼ እንደሚያወልቁት ትጠይቃለች። እኔም ንግግሬን አሳጥሬያለሁ።