ወረቀት ያላት ውሻ

ናስራ ካፉሪ ሰፈር ካለው የአሠሪዋ የማዳም ሉጥፊያ ቪላ ወጥታ ሃፍላ የሚሉትን አውቶቡስ ስትጠብቅ ሲሚንቶ የለበሰ ጎረምሳ ሰላም አላት። በላይነህ ነበር፤ በሳጃና ሰፈር ጎረቤቷ፣ አገር ቤት የእንስሳት ሕክምና ተምሮ እዚህ ስደት ላይ ሸክም የሚሸከም።

«ዛሬም ያንቀጠቅጥዎታል፣ እትዬ ናስራ?»

«ወባዬ ነው። ሦስቴ ተወጋሁለት፤ ይሄዳል፣ ይመጣል።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«የማዳም ውሻ የሞቱ ቡችሎች ከወለደች ወዲህ። እኔው ነኝ ያነሳሁላት።»

«በባዶ እጅዎ?»

«በአፍንጫዬ ላንሳቸው?»

በላይነህ አልሳቀም። «የውሻዋ ደም ይመርመር። ቡችሎቹን የገደለው ባክቴሪያ ከሆነ ወደ ሰው ይሻገራል። እንደ ወባ ያተኩሳል፣ ያልባል፣ መገጣጠሚያ ይቆረጥማል።»

ናስራ ተናደደች። «እኔ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ፣ የለኝም፤ ፖሊስ ባየሁ ቁጥር እደበቃለሁ። ውሻዋ ማኅተም የሞላበት የጤና ደብተር አላት። ስትዘል ብታያት! ደግሞ ምራቋ ሲነካኝ እንደ ሃይማኖቴ ሰባቴ ነው የምታጠበው፣ አንዱን በአፈር።»

«መታጠብዎ መልካም። ግን ከመታጠብዎ በፊት የወሊዱ ፈሳሽ የተላጠ ጣትዎን አግኝቶታል። ማኅተሙም የእብድ ውሻ ክትባት ነው፤ ስለዚህኛው አንድ ቃል የለበትም። የታመመችውንማ ሁሉም ይሸሻታል። ሰው የሚጎዳው ጤነኛ በምትመስለው ነው።»

ይህን መንገር የነበረበት ደብተሩን ያተመው ሐኪም ነበር። እሱ ግን ቪላው ሲገባ ውሻዋን ያያል እንጂ ከሥሯ የሚጠርገውን እጅ አያይም።

«ለማዳም ብናገር ታባርረኛለች።»

«ታባርርዎት ይሆናል፤ አልዋሽዎትም። አንድ ቀን አገር ቤት ሲገቡ ሥራው ላይ ማን ይተካዎታል?»

«ሙኒያ፣ የእህቴ ልጅ።»

«እርጉዟ?»

ሃፍላው መጣ። ረዳቱ «ያላ፣ ያላ» እያለ አጣደፈ። ናስራ አልተሳፈረችም፤ ወደ ቪላው ተመለሰች።

የውሻዋ ደም ይመርመር ስትላት ማዳም ሳቀች። «ውሻዬ ካንቺ ትሻላለች» አለቻት።

«ልጅዎም አብሯት ይተኛል፣ ማዳም።»

ማዳም ሳቋን ትታ ለሐኪሙ ደወለች።

በሳምንቱ ውጤቱ በላይነህ እንደጠረጠረው ሆነ። ውሻዋ ዳግም እንዳትወልድ ተደርጋ ለብቻዋ ተቀመጠች። ልጁ ተመርምሮ ነጻ ወጣ። ሙኒያ ያንን ደጅ አልረገጠችም። የናስራ ትኩሳትም በጀመራት በአራት ወሩ ወባ ሳይሆን የውሻዋ በሽታ መሆኑ ታወቀ፤ ስድስት ሳምንት ኪኒን ውጣ ተገላገለችው። ይህን ሁሉ ያደረገው አንድ ብልቃጥ ደም ነው። የሞተ ቡችላን በጓንት ማንሳት፣ ጤነኛ የምትመስለውን ውሻ ማስመርመር፣ ትኩሳት ሲመላለስ ለሐኪም «ቤታችን ውሻ አለ» ማለት፤ ከባድ ነገር የጠየቀ የለም።

ለልጁም ለውሻዋም ሐኪም ቪላው ድረስ መጣ። ናስራ ክሊኒክ የሄደችው ብቻዋን፣ በሃፍላ፣ ቆማ ነው።