የጉዲቱን ማሰሮ የያዘችው ልጅ

ክቡር ዳይሬክተራችን አቶ ደመቀ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ይህን ሁሉ ደግሳችሁ ስለሸኛችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ። ያለበሳችሁኝ ጋቢም በጣም ያምራል። ዕድሜዋን ሙሉ ጭቃ ስታቦካ ለኖረች ሴት እንዲህ ያለ ነጭ ጋቢ መስጠታችሁ፣ ወይ አታውቁኝም፣ ወይ ተመልሼ ክፍል እንዳልገባ ፈልጋችኋል።

አቶ ደመቀ «እትዬ ጽጌማርያም፣ ንግግርዎ አጠር ይበል» ብለውኛል። እሺ ብያለሁ። ልጆቹም እኔን «እሺ» ይሉኛል፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን እናንተ ታውቁታላችሁ።

ወጣት መምህራን ሁልጊዜ ትጠይቁኛላችሁ፤ «ለሕፃን ልጅ ደግነትን በጨዋታና በእጅ ሥራ ማስተማር እንዴት አሰቡት?» ትላላችሁ። እውነቱን ልንገራችሁ? አላሰብኩትም። ድንጋይ ሸሽቼ ነው።

ነገሩ በጣሊያን ጊዜ ነው። ከቀራንዮ መድኃኔዓለም በታች ከእናቴ የወረስኩት ግቢ ነበረኝ። የሰፈሩ እናቶች ገሚሱ እንጨት ለቀማ፣ ገሚሱ ጣሊያን በአስኮ በኩል በሚያሠራው መንገድ ድንጋይ ለማመላለስ ሲሄዱ ልጆቻቸውን እኔ ዘንድ ጥለው ይሄዳሉ። ፊደል ላስቆጥራቸው ብዬ ነበር፤ ሹማምንቱ ከለከሉኝ። ሊያሠለጥኑን መጥተው የለ! ለአገሬው ልጅ የእጅ ሥራ ይበቃዋል አሉ። ይሁን አልን። ጭቃ እንደሆነ ኮልፌ ሞልቷል።

ከወላጆችም አልተረፍኩም። አንዷ እናት «ልጄን ሸክላ ሠሪ ልታደርጊያት ነው?» ብላ ግቢዬ ድረስ መጥታ ሰደበችኝ። ወጧን በምን እንደምትሠራ ብጠይቃት ደግሞ ጨርሳ ተቀየመችኝ።

ግቢው ጠባብ ስለነበር አንዳንዱን ልጅ ከአጥር ውጭ እናስቀረዋለን። የቀረው ልጅ ምን ያደርጋል? ድንጋይ ይወረውራል። አንድ ቀን ግንባሬን ሲፈነክቱኝ ደንብ አወጣሁ፤ ከአጥር ውጭ ቆሞ የሚያይ ልጅ ካለ ጨዋታ አይጀመርም። ከዚያ ሌላ ጨመርኩ፤ ማንም ብቻውን ማሰሮ አይሠራም፣ አንዱ ሲያበጅ ሌላው ይይዝለታል። ይኼኛው ደግሞ እጁ ሥራ የፈታ ልጅ የጎረቤቱን ጸጉር ስለሚጎትት ነው። ዛሬ «የእትዬ ጽጌ ዘዴ» የምትሉት ይኸው ነው።

አሁን እዚያ ጥግ አንገቷን የደፋችው መምህርት ጉዲቱ ያኔ ከልጆቹ አንዷ ነበረች። ጉዲቱ፣ ቀና በይ፤ ክፉ አላወራም። አባቷን በየካቲት አሥራ ሁለቱ እልቂት ጣሊያን ገድሎባታል። የእኔም ወንድም ይገዙ በዚያው ሰሞን ወጥቶ ቀረ። ስለዚህ እሷና እኔ ብዙ ሳንነጋገር እንግባባ ነበር።

አንድ ጠዋት ልጆቹ ዝም ብለው ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ዛሬ ጨዋታ የለም እንዴ?»

«እትዬ፣ ከአጥር ውጭ ልጅ አለች።»

ብወጣ አንዲት ነጭ ልጅ በአጥሩ ቀዳዳ ታያለች። የመንገድ ሥራው አለቃ፣ ካፖ የሚሉት ሰውዬ ልጅ ናት፤ ስሟ ሪና። እናቷ ሞታባት አባቷ ከአገሩ እንዳስመጣት ኋላ ሰማን።

«እሷ አትቆጠርም፤ ተጫወቱ» አልኳቸው።

«ለምን?» አለኝ አንዱ። «ልጅ አይደለችም?»

ክቡራትና ክቡራን፣ ደንብ ማውጣት የሚወድ ሰው ልጅ ባለበት አያውጣ!

ያን ጊዜ ነጭና ጥቁር አብሮ እንዳይውል በአዋጅ ተከልክሏል። ልጅቷ እኔ ዘንድ ብትገኝ እኔ እታሰራለሁ፣ ግቢው ይዘጋል፣ ልጆቹ ሜዳ ላይ ይቀራሉ። አባቷንም አይምሩትም። በእጄ ምልክት «ሂጂ» አልኳት። ልትሄድ ስትል ልጆቹ በሩን ከፈቱላት። እንደዚያ ቀን ታዛዥ ሆነው አያውቁም።

ጉዲቱ ብቻ ተነስታ ዳር ሄዳ ተቀመጠች። አልተቆጣኋትም። ምን ብዬ? እኔም ሪናን ሳያት የወንድሜ ፊት ይመጣብኛል፤ ዳቦ ስሰጣት እጄ ይከብደኛል።

ሪና በየቀኑ መምጣት ጀመረች። ጉዲቱም በየቀኑ ብቻዋን ማሰሮ ትሠራለች፤ ማሰሮዋም በየቀኑ ይዘምምና ይወድቃል። የሚይዝላት የለም፤ ሌሎቹን «ከእሷ ጋር ተጫውታችኋል» ብላ አባርራቸዋለች። አንድ ቀን ሪና ቀስ ብላ መጥታ ፊቷ ቁጢጥ አለችና የማሰሮውን ጎን በሁለት እጇ ደገፈች።

«አትንኪ!» ጮኸች ጉዲቱ።

ሪና ለቀቀች። ማሰሮው ዘመመ። ጉዲቱ ማሰሮውን አየች፣ ሪናን አየች፣ እንደገና ማሰሮውን አየች።

«በይ ያዢ!»

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አብረው ይሠሩ ነበር። ግን አይነጋገሩም። «ያዢ»፣ «ልቀቂ»፤ በቃ። ሪና የተማረችው የመጀመሪያ አማርኛም ይኸው ነው።

ወሬ ደግሞ እግር አለው። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ መኪና መጥታ በራችን ላይ ቆመች። ከነጭ ሱሪው እስከ ነጭ ባርኔጣው የሚያበራ ሹም ወረደ፤ ከኋላው አስተርጓሚው አቶ ቀጄላ። ሰፈሩ ቀጄላን ባንዳ ነው እያለ ሰላምታ አይሰጠውም ነበር። እኔም አልሰጥም።

ዘወር ብዬ ሪናን ብፈልግ የለችም። ያሉት ከጸጉራቸው እስከ እግራቸው ጭቃ የተለቀለቁ ልጆች ናቸው፤ ሁሉም አንድ መልክ! ለካስ ጉዲቱ መኪናዋን በቀዳዳው አይታ፣ የጭቃውን እንስራ ሪና አናት ላይ ገልብጣባታለች። ሌሎቹ ጨዋታ መስሏቸው እርስ በርስ ተለቃልቀዋል።

ሹሙ ተናገረ። ቀጄላ ወደ እኔ ዞረ፤ «እዚህ ነጭ ልጅ ትመጣለች ተብሏል፤ የት ናት? ይላሉ።»

«ይፈልጓታ» አልኩ። «ከእነዚህ ነጭ የምትመስል ካለች ይውሰዷት።»

ቀጄላ ይህን ምን ብሎ እንደተረጎመው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ በጣም ረዘመ። ሹሙ ልጆቹን አንድ በአንድ አየ። የውሃውን ጋን በዱላው እየጠቆመ አንድ ነገር ጮኸ።

«ይታጠቡ ይላሉ» አለ ቀጄላ፤ ድምፁ ቀነሰ።

አለቀልን አልኩ።

ያን ጊዜ ከሁሉም ታናሹ ልጅ ብድግ አለ። ትልቅ ሰው ሲመጣ ተነስቶ ማገዝ እንደሚገባ አስተምሬዋለኋ! «አባባ፣ ጫማዎ አቧራ ነክቶታል፤ ልጥረግልዎት» ብሎ በዚያ በጭቃ እጁ የሹሙን ነጭ ሱሪ ያዘ። እሱን ያዩት ሁሉ «እኔም! እኔም!» እያሉ ለመጥረግ ተሽቀዳደሙ። አንዱ ጉልበቱን፣ አንዱ ቀበቶውን። ሰውዬው ዘለለ። አገር በአውሮፕላን የያዘ መንግሥት ሹም፣ ከሕፃናት እርዳታ ሸሽቶ መኪናው ውስጥ ገባ። በመስኮት የተናገረውን ቀጄላ በፈቃዱ ተረጎመልኝ፤ «እነዚህን የሚያሠለጥን የለም ይላሉ።»

ቀጄላ ሊሄድ ሲል ጉዲቱ አጠገብ ወደቆመችው ልጅ አየ። «ወይዘሮ፣ የዓይንን ቀለም ጭቃ አይሸፍነውም» አለኝ ቀስ ብሎ። «ነገ እንዳትመጣ።» ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ሰላምታ እሰጠው ነበር። ሰፈሩ ግን አልሰጠም፤ ምክንያቱን ለማን ልናገር?

መኪናዋ ከመራቋ የሪና አባት እየሮጠ መጣ፤ ወሬውን ሰምቷል። ፊቱ ላይ ላብ እንጂ ደም የለም። «ሪና! ሪና!» ይላል። ልጆቹ ዝም። ጉዲቱ ትንፍሽ እንዳትሉ ብላቸዋለች፤ ለሪናም አፏን ይዛ አሳይታታለች። ሰውዬው ከአንዱ ወደ አንዱ ሄዶ ፊታቸውን አየ። የገዛ ልጁን መለየት አቃተው። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሮ በተሰባበረ አማርኛ፣

«የኔ... የቷ?» አለኝና አለቀሰ።

የወንድሜ ገዳዮች ወገን ነው። እጠላው ነበር። ያን ጊዜ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ መጥላቱ ለአፍታ ጠፋኝ። ጉዲቱ የሪናን እጅ ይዛ ወስዳ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

ሪና ከዚያ ወዲያ አልመጣችም። ሰውዬው ወደ ጅማ መንገድ ተዛውሯል፣ ሊሄዱ ነው ሲባል ሰማን። ጉዲቱ በእሳት የተተኮሰውን ማሰሮዋን አቅፋ ወደ ሠራተኞቹ ሰፈር ቀጥ ብላ ሄደች። እኔ እየፈራሁ ከሩቅ ተከተልኳት። አባትየው በር ላይ ቆሞ ነበር። ማሰሮውን ሰጠችውና፣

«ለሪና ነው። ውሃ እንዳታስቀምጡበት፣ ያፈሳል» አለችው።

ገባው አልገባው አላውቅም። ባርኔጣውን አወለቀ። የእኛ ሰው ለእነሱ ባርኔጣ ባላወለቀ በጥፊ በሚመታበት ዘመን፣ እሱ ለአንዲት ጭቃ ለተለቀለቀች ሕፃን አወለቀ። ስለ ሪና ከዚያ በኋላ የሰማነው ነገር የለም።

ስንመለስ «ይቅር አልሻቸው?» አልኳት ጉዲቱን።

«አላልኩም።»

«ታዲያ ማሰሮሽን ለምን ሰጠሽ?»

እንደ ሞኝ አየችኝ። «ይዛልኝ ነበራ!»

በሉ እንግዲህ፣ አቶ ደመቀ ሰዓታቸውን ሦስት ጊዜ አይተዋል። ከነገ ጀምሮ ክፍሌን የምትረከበው ጉዲቱ ናት። ምክር ይስጧት ብላችሁኝ ነበር፤ ምን ልጨምርላት?

ያከበራችሁኝ ሁሉ ክበሩ። የምታሳድጓቸው ልጆች ከእናንተ የተሻሉ ይሁኑ፤ በተሻሉም ቀን የምታፍሩ ሳይሆን የምትስቁ ያድርጋችሁ። ስትዘምሙ የሚደግፍ እጅ አያሳጣችሁ። ኮልፌም አገራችንም ሰላም ውለው ይደሩ። አሜን በሉኝ፤ ጋቢዬን ሳላቆሽሽ ልሂድበት።