በኦቦ ዱቤ በር የተዋጠ ክኒን

ዛሬ ማክሰኞ ኅዳር 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው። ፀሐይ ወጥቷል፤ ነፋሱ ግን ከእንጦጦ እየወረደ ነጠላችንን ይገፋል። በዚህ በየካ ሚካኤል ቅጥር ውስጥ የቆማችሁ ሁሉ፦ ካህናት አባቶቼ፣ የእኅታችን የሎሚ የንስሐ አባት አባ ሠረቀብርሃን፣ የችግኝ ጣቢያችን ኃላፊ አቶ ኃይለ መስቀል፣ ከሆስፒታል ድረስ በእግሩ የመጣው የሐኪም ረዳት፣ ድሬሰር ሙክታር፣ የሟች ባሏ የፉፋ ታላቅ ወንድም ኦቦ ዱቤ፣ የእድርና የሠፈር ሰዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንቺ ልጇ ለተጊዮርጊስ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ሥራችሁን ትታችሁ፣ ዳገቱን ወጥታችሁ ስለ መጣችሁ ያክብርልን።

እኔ ሙሉነሽ ነኝ። ብዙዎቻችሁ ድምፄን የምትሰሙት ዛሬ ገና ይሆናል። ከሎሚ ኢዶሳ ጋር ዐሥራ ሦስት ዓመት ጎን ለጎን ሆነን ችግኝ አፍልተናል። እርሷ ታወራለች፣ እኔ እሰማለሁ። እንዲያ ነበር የለመድነው። ሴት በመቃብር ላይ ቆማ ስትናገር እንዳልተለመደም አውቃለሁ። አባ ሠረቀብርሃንን ፈቃድ ስጠይቃቸው «ምን ልትዪ ነው?» አሉኝ። «ስለ ሕመሟ ልናገር ነው» አልኳቸው። ከዚያ «እንግዲያው ጮኽ ብለሽ ተናገሪ፤ ከኋላ ያሉትም ይስሙ» አሉኝ።

ስለዚህ ጮኽ ብዬ እናገራለሁ።

ከትናንት ጀምሮ በለቅሶው ቤት ሹክሹክታ እሰማለሁ። «ያ ነገሯ ተነሥቶባት ነው?» ይባላል። አይደለም! ሎሚን የገደላት የሳንባ ምች ነው። ዘጠኝ ቀን ታመመች። በገዛ አልጋዋ ላይ፣ በሙሉ ልቦናዋ፣ የልጇን እጅ እንደያዘች ዐረፈች። «ያ ነገሯ» የምትሉት ደግሞ የአእምሮ ሕመም ነው። ሰውን አንድ ጊዜ ከደመና በላይ ያወጣዋል፤ አንድ ጊዜ ከመሬት በታች ይጥለዋል። ከሎሚ ጋር ዐሥር ዓመት ታገለ። ዐሥር ዓመት! ማን ጣለ? ማን ወደቀ? ልንገራችሁና ራሳችሁ ፍረዱ።

መጀመሪያ የመጣባት በ1951 ዓ.ም.፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ሦስት ቀን ሙሉ አልተኛችም። ድካም የሚባል ነገር የለም፤ ፊቷ ያበራል። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሥራ ስንገባ አራት መቶ ችግኝ ከመደቡ ላይ የለም። የት ሄደ? ፈለጉን ተከተልን። ወደ ጉርድ ሾላ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ተተክሏል። አንዱ በሰው ደጃፍ መካከል፣ አንዱ በከብት መጠጫ አፍ ላይ። እርሷ ከመንገዱ ዳር ተንበርክካ በእጇ ትቆፍራለች።

«ሎሚ፣ ምን እየሠራሽ ነው?» አልኳት።

«አዲስ አበባ ፀሐይ ላይ ተሰጥታ እያየሽ ዝም ትያለሽ? ጥላ እያለበስኳት ነው! ነይ፣ ያዢ!»

አቶ ኃይለ መስቀል እያለከለኩ ደረሱ። «ሴትዮ! ይህ እኮ የመንግሥት ችግኝ ነው!»

«መንግሥትስ ጥላ አይወድም?» አለቻቸው።

ሣቁ፣ ግድ የለም። እርሷም ከዳነች በኋላ ስንነግራት እንባዋ እስኪወርድ ሥቃለች። በዚያ ቀን ግን የሣቀ አልነበረም። ኦቦ ዱቤ በገመድ አስረው ወሰዷት። ኦቦ ዱቤ፣ አንገትዎን አይድፉ። ይህን እንደምናገር ትናንት ነግሬዎታለሁ፤ እርስዎም «ያደረግሁትን ተናገሪ» ብለውኛል። ሌላ ምን እንደሚደረግ ማን ያውቅ ነበር? እኔስ ሲያስሯት ቆሜ አይቼ የለም ወይ? ገመዱ ሲፈታ ደግሞ ወደቀች። ሁለት ወር ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። «ሎሚ፣ ፀሐይ ወጥቷል» ስላት «ለማን?» ትለኝ ነበር።

ከዚያ ሆስፒታል ወሰድናት። ክኒኑን በፖስታ አድርጎ የሰጣት ይህ ሙክታር ነው። ያኔ ጢሙ ገና አልበቀለም ነበር። ፖስታው ላይ «ጠዋት አንድ፣ ማታ ሁለት» ተብሎ ተጽፏል። እኔ ፊደል የለየሁት ስኳር ከሚጠቀለልበት ቁራጭ ጋዜጣ ላይ ነው። ያቺን ፖስታ ግን አሥር ጊዜ አነበብኩላት። ሙክታርም «ይህ ክኒን ዘበኛሽ ነው። ቤትሽ ሰላም ሲሆን ዘበኛውን ምን ያደርግልኛል ብለሽ እንዳታሰናብቺው» አላት። ይህን ምክር ያዙልኝ፤ እኔ ነኝ ያስጣስኳት። እመጣበታለሁ።

ክኒኑም ቢሆን የራሱ መከራ ነበረው። ምላሷ እንደ ቁርበት ደረቀ። ሰውነቷ ወፈረ፤ ቀሚሷን ሁለት ጊዜ አሰፋች። ፀሐይ ሲነካት ፊቷ ይላጣል። እጇ ይንቀጠቀጣል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ እንቅልፉ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይጫናታል። ለተጊዮርጊስ፣ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርሽ፤ እጇን እየጎተትሽ «እማዬ፣ ተነሺ» ትያት ነበር። ሎሚም ተነሣች። በጭቃው ተነሣች። በውርጩ ተነሣች። ግድግዳውን ደግፋ ተነሣች። እኛ ሥራ ለመሄድ እንነሣለን፤ እርሷ መነሣቱ ራሱ ሥራዋ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ሌላውን ሥራ የምትጀምረው።

ፊቷ እንዳይቃጠል ጥቁር ጃንጥላ ይዛ ችግኝ ታርም ነበር። የጣቢያው ሴቶች አንለቃትም። አንዷ «እልል በሉ፣ ታቦቱ ወጣ!» ትላለች። ሎሚ ቀና ሳትል «የሚቃጠለው የእኔ ፊት፤ አንቺን ምን አቃጠለሽ?» ትላታለች።

እጇ ግን ከባድ ነገር ሆነ። ችግኝ ከመደብ ወደ መደብ ሲዛወር ሥሩ እንደ ክር ነው፤ በሚንቀጠቀጥ እጅ ይበጠሳል። አቶ ኃይለ መስቀል ጠሯት። «ሎሚ፣ አዝናለሁ፤ በዚህ እጅሽ ማዛወር አትችዪም» አሏት።

«በዚህ እጄ ምን እችላለሁ?»

«እኔ እንጃ።»

«እንግዲያው እኔ ፈልጌ እነግርዎታለሁ» ብላ ወጣች።

የባሕር ዛፍ ዘር አይታችኋል? እንደ ሱረት የደቀቀ ነው። በጤነኛ እጅ ሲዘራ አንድ ቦታ ይከመራል፣ አንድ ቦታ ይሳሳል። ሎሚ ዘሩን ከአሸዋ ጋር ቀላቀለች። እፍኟን ከመደቡ በላይ ይዛ ጣቶቿን ከፈት አደረገች። መንቀጥቀጡን ልያዘው አላለችም፤ ለቀቀችው። «ወንፊት ሆኖ የለ? ይንፋ!» አለች። በሁለተኛው ሳምንት መደቡ እንደ ተበጠረ ፀጉር እኩል በቀለ። አቶ ኃይለ መስቀል ተንበርክከው አዩት። ተነሥተውም «ከእንግዲህ በዚህ ጣቢያ ከሎሚ በቀር ዘር የሚነካ እንዳላይ» አሉ። እስቲ ቀና በሉ። ከእንጦጦ ራጉኤል በታች ዳገቱን የሸፈነውን ለጋ ባሕር ዛፍ እዩ። በሽታው ነው ያሸነፈው? ወይስ ያ እጅ?

አሁን የእኔን ጥፋት ልናገር።

በ1953 ዓ.ም. የፍልሰታ ጾም ሲገባ ሎሚ ጨነቃት። «ሙሉ፣ ጠዋት ክኒን ስውጥ ውሃ እጠጣለሁ። ጾሜ ይፈርሳል?» አለችኝ። እኔ ማን ሆኜ ነው የምፈርደው? ግን ፈረድኩ። «ይፈርሳል እንጂ። ለዐሥራ ስድስት ቀን ብትተዪው ምን ትሆኛለሽ?» አልኳት። ተወችው። ታዲያ መጀመሪያ ምን ሆነች መሰላችሁ? አማረባት! እጇ ረጋ። ምላሷ ረጠበ። ጠዋት ከእኔ ቀድማ ትነሣለች። «አየሽ? ዳንኩ!» አለችኝ። እኔም «ተመስገን» አልኩ። ዘበኛው መሄዱን ሁለታችንም ረሳነው።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን በዶፍ ዝናብ ወደ እንጦጦ ወጣች። በመንገድ ላገኘችው ሁሉ ሰጠች። ነጠላዋን ሰጠች። ጫማዋን ሰጠች። የልጇን ብርድ ልብስ ሰጠች። ስናገኛት ድምፅዋ እስኪዘጋ ትናገራለች፣ ልጇ አጠገቧ ቆማ ትንቀጠቀጣለች። ሎሚን ሆስፒታል መለስናት። ልጅቷን ኦቦ ዱቤ ወሰዷት።

በመስከረም ድና ወጣችና ሽማግሌ ተሰበሰበ። ኦቦ ዱቤ ብድግ አሉ፦ «ይህቺ የወንድሜ ደም ናት። በብርድ ልትገድላት ነበር። ከእንግዲህ እኔ ጋ ታድጋለች፤ አበቃ።»

ሎሚ አላለቀሰችም። «ኦቦ ዱቤ፣ እውነትዎን ነው፤ ልጄን በዝናብ አቁሜያታለሁ» አለች። «ግን ያቆመቻት ክኒኑን የተወችው ሎሚ ናት። ክኒኑን የምትውጠዋን እስከ ጥምቀት እዩዋትና ፍረዱ።»

«መዋጥሽን በምን እናውቃለን?» አሉ።

«በርዎ ላይ መጥቼ እውጣለሁ። በየቀኑ።»

እኔ ከሴቶቹ መካከል ተነሣሁ። «ተዪው ያልኳት እኔ ነኝ፤ ለጾሙ ብዬ ነው» አልኩ። አባ ሠረቀብርሃን ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሎሚ ዞሩ። «ልጄ፣ ለታመመ ሰው መድኃኒት ጾም አያፈርስም። ክኒኑን ዋጪ። ውሃውንም ጠጪ። ኃጢአት ከሆነ በእኔ ይቆጠር» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንቺ ደግሞ ሁለተኛ ሳትጠይቂኝ እንዳትፈርጂ» አሉኝ። አልፈረድኩም።

አራት ወር! በየማለዳው ኦቦ ዱቤ በር ላይ ትቆምና «ኦቦ ዱቤ! ይውጡና ይዩ!» ትላለች። ጋቢያቸውን እየጎተቱ ይወጣሉ። ትውጣለች። አፏን ትከፍታለች። «ምላስሽንም አንሺ» ይላሉ። ታነሣለች። «ጥርሴንም ይቁጠሩት እንጂ!» ትላለች። ልጅቷ ከበሩ ውስጥ ሆና ታያለች። ሰው ያልፋል፣ ሰው ይሥቃል። ሎሚ አላፈረችም። በኅዳር ብርድ መጣች። ትኩሳት እያላት መጣች። በታኅሣሥ ኦቦ ዱቤ ሳትጠራቸው መውጣት ጀመሩ፤ ውሃውንም በጣሳ ራሳቸው ይዘው።

ከዚያ ወዲያ ሕመሙ ፈጽሞ አልመጣም አልላችሁም። ሁለት ጊዜ መጣ። ግን ኮቴውን ለይታው ነበር። እንቅልፍ ሲሸሻት፣ ሐሳቧ ሲሮጥ፣ ልብሷን በሻሽ ቋጥራ «ሙሉ፣ ልጄን ያዢልኝ፤ ሙክታር ጋ ደርሼ ልምጣ» ትለኛለች። ማንም አላሰራትም። በእግሯ ሄደች፣ በእግሯ ተመለሰች። ጸበሉንም አልተወችም፤ ክኒኑንም አልተወችም። እንግዲህ ፍረዱ፤ ማን ጣለ?

በዚህ መካከል የቆማችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው የደበቃችሁ አላችሁ። አውቃለሁ። ገመዱን ፍቱና ሙክታርን ጠይቁት። እርሱ እዚሁ ቆሟል።

ሎሚዬ፣ አሁን ለአንቺ ልናገር። ከጥምቀት በኋላ በነበረው እሑድ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ኦቦ ዱቤን «ምን አዩ?» ብለው ጠየቋቸው። «አንድ ቀን አልቀረችም» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ልጅሽን በዚያው ምሽት ይዘሽ ገባሽ።

በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ማንም እንድትውጪ አላዘዘሽም፤ ማንም አላየሽም። እኔ ብቻ እሳት ልለምን መጥቼ በበሩ ስንጥቅ አየሁሽ። ግድግዳውን ይዘሽ ተነሣሽ። ፊትሽን ታጠብሽ። አንድ ክኒን ከፖስታው አውጥተሽ ዋጥሽ። የልጅሽን ፀጉር ለመሥራት ሞከርሽ፤ እጅሽ አልታዘዝ ሲልሽ እርሷው ያዘችልሽና አብራችሁ ጎነጎናችሁት። ኦቦ ዱቤ ደጅ ስትደርሱ እርሳቸው ጣሳቸውን ይዘው ቆመዋል። «ዛሬ ውጬ ነው የመጣሁት» አልሻቸው። «አምኛለሁ፤ ውሃውን ግን ጠጪ» አሉሽ። ጠጣሽ። ልጅሽን ትምህርት ቤቱ በር አደረስሻት። አራቱን ወር ሁሉ ከኦቦ ዱቤ በር ተቀብለሽ ስታደርሻት፣ እንደገና እንዳታጣሽ እየዞረች ስታይሽ ነበር የምትገባው። በዚያ ጠዋት ሳትዞር ሮጣ ገባች። አንቺ እስክትሰወር ድረስ ቆመሽ አየሻት፣ ከዚያ ወደ ሥራሽ ሄድሽ።

ሂጂ፣ ሎሚ። በሰላም ሂጂ።