አልጋ ሥር ያደረው ጄኔሬተር

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ ዝናብ ያዘኝና ከአንድ ሱቅ በረንዳ ተጠለልሁ። እዚያ ጎረቤቴን ጋሽ ደበላን አገኘኋቸው። ጋሽ ደበላ ቀራንዮ ውስጥ ጸጉር አስተካካይ ናቸው፤ መብራት ሲጠፋ ሥራቸው እንዳይቆም ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር ገዝተዋል፤ ሥራ ሲያበቃ ቤታቸው ያሳድሩታል። አብራቸው የወንድማቸው ልጅ ዮዲ ነበረች፤ ኮሌጅ ገብታ የሞተር ጥገና የተማረች ወጣት ናት። ዝናቡ ሲያባራ «ቤት ገብተን ሻይ እንጠጣ» ብለው ይዘውን ሄዱ።

በሩ ሲከፈት የቤንዚን ሽታ አፈነን። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዋጋነሽ «ግቡ፣ ግቡ! አሁን ቡታጋዙን ላቀጣጥል» ብለው ክብሪት አነሡ።

«እንዳይጭሩት!» ዮዲ ጮኻ እጃቸውን ያዘች። ሁላችንንም ወደ ግቢ አስወጥታ በርና መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተች።

ቤቱ ከተናፈሰ በኋላ ሽታውን ተከትላ ገብታ ጄኔሬተሩን ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣችው። ቤንዚኑ ከቱቦው ጠብ ጠብ ይላል፤ ከአልጋው የተንጠለጠለው ብርድ ልብስ ጫፉ ርሷል።

«ልጄ፣ ነፍሳችንን አወጣሽው እኮ!» አሉ ጋሽ ደበላ። «የጠፋ ሞተር ምን ያደርጋል?»

«ሞተሩ ቢጠፋም ቤንዚኑ ይተናል፣ አጎቴ። ትነቱ ሳይታይ መሬት ለመሬት ተስቦ እሳት ያለበት ይደርሳል። ያኔ ቤቱ በአንድ ጊዜ ይያያዛል።»

«ውጭ ባሳድረው ሌባ ይወስደዋላ!»

«ሌባ የሚወስደው ጄኔሬተሩን ነው። እሳት እናንተንም አይምርም።»

ለፍቶ አዳሪ ንብረቱን አልጋው ሥር ቢሸሽግ አይፈረድበትም። ነገር ግን ከሌባ የሸሸገውን ለእሳት ካመቻቸ ጥንቃቄው ምን ይረባዋል?

«ሁልጊዜ እዚያው ነው የሚያድረው፤ አንድም ቀን ምንም አልሆነ» አሉ ጋሽ ደበላ።

«ምንም አልሆነ ትላለህ?» አሉ ወይዘሮ ዋጋነሽ። «ጠዋት ጠዋት ራሴን የሚያዞረኝስ? ግፊት ነው ብለህ ጨው ያስተውከኝስ?»

ጋሽ ደበላ የራሰውን ብርድ ልብስ ነክተው ጣታቸውን አሸተቱ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«በዚህ በኩል እኮ እሷ ናት የምትተኛው» አሉ ቀስ ብለው። «ምን ላድርግ ልጄ? ንገሪኝ።»

«ሥራ ሲያበቃ መጀመሪያ ሞተሩ በደንብ ይቀዝቅዝ። ቶሎ የማያስነሡት ከሆነ ቤንዚኑን ውጭ፣ ከእሳት ርቀው፣ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የቤንዚን ጀሪካን ይገልብጡት፤ ጀሪካኑም ቤት አይግባ። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ውስጥ የቀረውንም እናፍስሰው፤ ቤንዚን ከቆየ ይበላሽና ሞተሩ አልነሣም ይላል። የሚያፈሰውን ቱቦ እኔ እቀይረዋለሁ። ከዚያ ጓሮ፣ ከማድቤቱ ርቆ፣ አየር የሚገባው የብረት ሣጥን አሠርተን ከግድግዳው ጋር በሰንሰለት እንቆልፈዋለን።»

እንዳለችው ሆነ። መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተሩ ገመዱ አንዴ ሲሳብ ይነሣል። ወይዘሮ ዋጋነሽን ያዞራቸው የነበረው ተዋቸው፤ ጋሽ ደበላም ንብረታቸውን ሳያጡ ቤታቸውን ከእሳት አተረፉ።

አሁን ወንበራቸው ላይ የሚቀመጥ ደንበኛ ሁሉ ጄኔሬተር ካለው የት እንደሚያሳድረው ሳይጠየቅ አይነሣም። በቀደም አንዱ «አልጋ ሥር» ቢላቸው መቀሱን ጣል አድርገው፣ ግማሽ ጸጉሩ ሳይቆረጥ፣ «ተነሥ፣ አሁኑኑ ቤትህ እንሂድ!» ብለው እየጎተቱ ይዘውት ወጡ።