ጉጉት ያለበት ቤት

ናርዶስዬ፣ ቢላዋሽ የደነዘ መሰለኝ፤ እንቺ የኔን ውሰጂ። እኔ ነጭ ሽንኩርቱን በእጄ እልጠዋለሁ። ደከመሽ አይደል? ወንድም ሲዳር እንዲህ ነው፤ ሙሽራው ሱፍ ይለካል፣ ታላቅ እህት ጭስ ትበላለች። ድንኳኑ ግን አምሯል። ዝናቡ ብቻ እስከ ነገ ማታ ቢታገሰን… ከገዘር ስንመጣ መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ሚኒባሱን ወርደን ገፋነው። ታዲያ ምን ይደረግ፣ የቤተ ክርስቲያን እህቶች ሁሉ ለሥራ ተጠርተው እኔ ብቀር ሰው ምን ይላል? «ቅር ብሏት ነው» ይላል። እኔን ምን ቅር ይለኛል?

እሳቱ ግን አልነድ አለ። አየሽው? እንጨቱ እርጥብ ነው፤ ቅጠሉ እንኳ በደንብ አልረገፈም። ለሠርግ እርጥብ እንጨት ማን ያመጣል? ይሁን… ቸኩለው ይሆናል።

ያውልሽ ሙሽራው፣ ወንበር ይደረድራል። በሠርጉ ዋዜማ ቁጭ ይላል ስትይው አይልም፤ ሠራተኛ ነው። ድምፄን ልቀንስ እንዴ? ለምን እቀንሳለሁ፣ የሰው ክፉ አላወራ። ፈረንጅ ይዞ ወፍ ማሳየት ነው አይደል ሥራው? እንዴት ያለ ጥሩ ሥራ ነው። እኔም እንደሱው ወፍ የሚያሳይ አንድ ልጅ አውቅ ነበር። ያንቺን ወንድም ማለቴ አይደለም… ጂንካ ውስጥ ወፍ የሚያሳይ ስንቱ ነው? ስሙን አልጠራልሽም፤ ስም መጥራት አልወድም።

ያ ልጅ ዓይን ነበረው። በድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ፣ በላሞቹ መሃል የቆመችውን ሽመላ ከመንገድ ማዶ ሆኖ ያሳይሻል። ነሪ ወንዝ ዳር ይወስድሽና፣ አንቺ ቅጠል ነው ስትይ፣ ቆዪ ይልሻል፤ ቅጠሉ ይበርራል። ወደ ዲመካ ሲወርድ ሰጎኑን፣ ኤርኩሙን፣ ሰማይ ላይ ነጥብ የምታክለውን ጭልፊት ሳይቀር በየስማቸው ይጠራል። የሩቅ ነገር አያመልጠውም። የቅርቡን… እንግዲህ አንድ ዓይን ሁሉንም አይችልም።

ባለቤቴ ተፈሪ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ባረፈ በዓመቱ ነው ያ ልጅ ገዘር እኔ ቤት የመጣው። ከጓሮዬ ትልቅ ዋንዛ አለ። እዚያ ላይ ሁለት ጉጉቶች ገቡ። ጎረቤት ሁሉ «ባልሽን የወሰደች ወፍ ናት፣ ልጅሽን ሳትወስድ ዛፉን አስቆርጪው» አለኝ። እኔም ፈርቼ ቆራጭ ልጠራ ስል፣ ያ ልጅ አንድ ፈረንጅ አስከትሎ በአጥሬ በኩል አንጋጦ አገኘሁት። ከዛፉ ሥር ቆሞ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ለወፍ እኮ ነው… አንጀቱ እንደዚያ ነው፤ ክንፍ ላለው ነገር ይራራል።

ዛፉ አይቆረጥ ብሎ የለመነው እኔን ብቻ አይደለም። እሁድ ጉባኤ ላይ ተነሥቶ ተናገረ። ጉጉት አይጥ የምትበላ፣ የገበሬ ወዳጅ ናት አለ። ገድ ብሎ ነገር በጌታ ለሚያምን ሰው ነውር ነው አለ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ወንጌላዊው አሜን አለ። እኔም አመንኩት። ዛፉን ተውኩት። እውነቱን ለመናገር በቆሎዬም ከአይጥ ዳነ። ጎረቤቶቼ ግን ጉባኤ ላይ አሜን ይበሉ እንጂ፣ እሳት ልጫር ብላ እንኳ ደጄን የረገጠች አልነበረችም። እኔና ልጄ ሚስጥር ብቻችንን ቀረን። ሰው ባይመጣም ያ ልጅ ይመጣ ነበር፤ ይህን አልክደውም።

መጀመሪያ ከፈረንጅ ጋር ነበር የሚመጣው። ኋላ ብቻውንም መምጣት ጀመረ። ጉጉቶቹን ላያቸው ነው ይለኛል። ጉጉቶቹ ዛፍ ላይ ናቸው፤ እሱ የሚያየው ወደ ማድ ቤት ነው። ማድ ቤት ያለችው ደግሞ ሚስጥር ናት። እናት ይህ ይጠፋታል?

ያን ማየቱን ግን አልጠላሁትም። ከእኔ አስፈቅዶ ይወስዳታል፣ ፀሐይ ሳትገባ ይመልሳታል። ነሪን አሳያት፣ ማጎ ወሰዳት፣ ኦሞ ዳር ዱስ ድረስ ወርደው የወንዙን ዳርቻ ሰርስረው ጎጆ የሚሠሩትን ቀያይ ወፎች አይታ መጣች። ያን ማታ እያወራችልኝ ወጡ አረረ። ሽማግሌ እልካለሁ አላት። እኛም በጉጉት ጠበቅነው… ምነው፣ ምን ያስቅሻል? በጉጉት ጠበቅነው ነው ያልኩሽ። ሁለት ጉጉት ከላይ፣ ሁለት ጉጉት ከታች።

ከሽማግሌዎቹ በፊት የልጁ አጎት ቤቱን ሊያዩ መጡ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ የተከበሩ። ያንቺን አጎት ማለቴ አይደለም፣ እሳቸው እዚያ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ዕቃ ያስቆጥራሉ፣ ጌታ ዕድሜ ይስጣቸው። የዚያኛው ልጅ አጎት ግን ዶሮዬን በሉ፣ ሚስጥርንም ጎንበስ ብላ ስታስታጥባቸው «ጨዋ ናት» አሉ። ወዲያው ከጓሮ ጉጉቷ ጮኸች። ኩባያውን አስቀመጡ። እደሩ አልኳቸው፣ ካፊያ ነው አልኳቸው፤ አልሰሙኝም፣ በካፊያው ወጥተው ሄዱ። ቤታቸው ሲደርሱ «ከጉጉት ቤት ሚስት አትወሰድም» አሉ ተባለ።

ልጁስ ምን አለ ብለሽ አልጠየቅሽኝም። ልክ ነሽ፣ ምንም አላለም። ያ ጉባኤ ፊት ቆሞ ሁሉን አሜን ያሰኘ ሰው፣ ለአጎቱ አንዲት ቃል አጣ። አልፈርድበትም… ንግግሩን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ጨርሶት ይሆናል። ለሚስጥርም አልቀርም አላላት፣ ቀረሁ አላላት። ስትደውል አያነሣም። ገዘር ኔትወርክ የለም ይላል አሉ። ኔትወርኩ ወደ እኛ ሲሆን ነው መሰለኝ የሚጠፋው።

ልጄ እህል ተወች። አታለቅስም፤ ብታለቅስ ደግ ነበር። ከዋንዛው ሥር ትቀመጥና ወደ መንገዱ ታያለች። አንድ ጠዋት እኔው ራሴ የተፈሪን መጥረቢያ ይዤ ወደ ጓሮ ገባሁ። ከዚህ በኋላ ለማን ብዬ ነው የማቆየው? አንድ ጊዜ ከግንዱ ላይ እንዳሳረፍኩ ሚስጥር መጥታ ከዛፉና ከእኔ መሃል ቆመች። «እማዬ፣ ዝም ያለው እሱ ነው። ወፏማ እንደተፈጠረችው ጮኸች» አለችኝ። መጥረቢያውን ጣልኩት። እዚያው ተያይዘን አለቀስን። ከዚያን ቀን ወዲህ እህል ቀመሰች።

አሁን የሚገርመውን ልንገርሽ። ያ ልጅ ሽማግሌው ቀርቶ፣ ስልኩ ቀርቶ፣ ፈረንጅ ማምጣቱን አልተወም። ጉጉት በቅርብ የሚታየው እኔ ጓሮ ነዋ፤ ምን ያድርግ? ሥራ ነው። በስድስት ወሩ ሁለት ፈረንጆች አስከትሎ፣ ባይኖኩላሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ከደጄ ቆመ። እንዴት ያለ ድፍረት ነው፣ እኔ ብሆን መሬት በዋጠችኝ ነበር። የከፈተችለት ሚስጥር ናት። ጉጉቷ ከራሷ በላይ ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ዕውር ሳይቀር ያያታል። ሚስጥር ዓይን ዓይኑን አይታ፣ «ወፍ የለም» አለችው።

ይኸው ነው። ሌላ አልጨመረችም። ፈረንጆቹ ቋንቋውን አይሰሙም፤ ወደ ላይ እያሳዩ ይስቃሉ፣ ፎቶ ያነሣሉ። እሱ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ምን አለችህ ብለው ሲጠይቁት፣ የቤቱ ሰዎች ኀዘን ላይ ናቸው፣ እንሂድ አላቸው። ሚስጥር ፈረንጅኛውን ከእሱው ጋር ስትዞር ለምዳዋለች፤ ገብታ ነገረችኝ። ኀዘን ላይ ናቸው… ትርጉሙ ያን ያህል አልተሳሳተም።

እሳቱን እስኪ ቆስቁሺልኝ። ዓይኔን አጠፋው።

የዛፍ ነገር ሲነሣ… ያ ልጅ እዚሁ ጂንካ ቤት ሠራ አሉ፣ ሚስት ሊያስገባ። ሰሞኑን ሁሉም ሰው እያገባ ነው መቼም። አጥሩ ጥግ ላይ አንድ ዛፍ ነበረ። ባለፈው ሳምንት ጉጉት መጥታ አረፈችበት። ጉጉት ፍለጋ ገዘር ድረስ ጭቃ ሲረግጥ ለኖረ ሰው፣ ከቤቱ ድረስ ስትመጣለት ምን ያህል ደስ ይለዋል ብለሽ አስቢው። እልል ያለ መስሎኝ ነበር። እንጨት ቆራጩን ዳርጌን ታውቂው የለ? እሱ ነው ያጫወተኝ። በማለዳ አስጠርቶ፣ ዛፉን ከነሥሩ አስነቅሎ፣ ማንም እንዳይሰማ ብሎ ለመነው አሉ። ዳርጌ ደግሞ ለማንም አይናገርም፤ ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ፣ ለሚኒባሱም ተሳፋሪ።

አልፈረድኩበትም። ቆርጦ ጣለው እንኳ አልልሽም፣ ለሠርግ ማገዶ አደረገው እንጂ። አባካኝ አይደለም። የትኛው ሠርግ እንደሆነ ዳርጌን አልጠየቅኩትም። ጂንካ ውስጥ ነገ ስንት ሠርግ አለ? ብቻ ይህ እንጨት… እርጥብ ነው።

ሚስጥር? ደህና ናት፣ ስለጠየቅሽልኝ። አልጠየቅሽኝም እንዴ? ያው ልትጠይቂኝ ነበር። ሰላም በይልኝ ብላለች። ለሠርጉ መምጣት አልተመቻትም፤ ከእንግዶቿ ጋር ዱስ ወርዳለች፣ ወንዙ ዳር ቀያዮቹን ወፎች ልታሳያቸው። አሁን እኮ ወፍ ፈልጎ የሚመጣ ሁሉ እሷን ነው የሚጠይቀው። ቦታውን ሁሉ ማን አሳያት? ያ ልጅ። ስለዚህ ባየሁት ቁጥር አመሰግነዋለሁ። ሰላም ስለው ዞር ይላል እንጂ… ወፍ አይቶ ይሆናል። ጎረቤቶቼም እንግዳ ሲበዛ ጊዜ ተመልሰዋል። ሰሞኑን አንዷ፣ ጉጉት እኔም ቤት እንድትገባ ምን ላድርግ ብላ መጣችብኝ።

ይኸው ነጭ ሽንኩርቱ አለቀ። ሙሽራዋን ጠዋት አየኋት፤ ልጅ ናት፣ ሳቋ ያምራል፣ እጄን ይዛ «እማማ» ብላ ሳመችኝ። አንጀቴን በላችው። ነገ ሰው ይበዛል፣ ለምርቃት ተራ ላይደርሰኝ ይችላል። አሁኑኑ ልመርቅላቸው፤ ወንድምሽም ወንበሩን ትቶ ቆሟል፣ ይሰማኝ። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ። ጎጇችሁ ይሙቅ። በኩራችሁን ሴት ያድርግላችሁ፤ እናቷን የምትመስል፣ ሳቂታ። አባቷ ይሳሳላት፣ እሾህ አይንካት ብሎ አቅፎ ያሳድጋት። ለወግ ለማዕረግ ስትደርስ ደግሞ… ቁርጥ አባቷን የመሰለ ባል ይስጣት።

አሜን በይ እንጂ፣ ናርዶስዬ።