አርባ ስምንት ከመቶ

ደሴ፣ በአንድ ትምህርት ቤት የመምህራን ክፍል፤ የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ መምህርቷ ትርንጎ መታወቂያ በእጇ ይዛለች፣ «የተማሪ እናንዬ አባት ነኝ» ብሎ የመጣው ይማም ከፊቷ ተቀምጧል።

ትርንጎ፦ እሺ፣ ሰባተኛ ምን?

ይማም፦ ሰባተኛ ክፍል ነዋ።

ትርንጎ፦ አራት ሰባተኛ አለን። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ልጅዎ የትኛው ውስጥ ናት?

ይማም፦ እሷ ሁሌ ፊት ነው የምትቀመጠው። እዚያ ፊት ያለው።

ትርንጎ፦ በሁሉም ክፍል ፊት አለ፣ አባት።

ይማም፦ መምህርት፣ እኔ ነግቶ እስኪመሽ ስሮጥ የምውል ሰው ነኝ። ልጅ ትማር እንጂ ሀ ሆነ ለ ምን ይጨምርልኛል? ይልቅ የሚፈረመውን ያምጡልኝና ልፈርም። ሥራ ጥዬ ነው የመጣሁት።

ትርንጎ፦ መታወቂያዎ ይማም እንድሪስ ይላል።

ይማም፦ ነኝ።

ትርንጎ፦ ልጅቷ እናንዬ ደርሰህ ናት።

ይማም፦ ታዲያ ወሎ አይደለን? እኛ ቤት ይማምም አለ፣ ደርሰህም አለ፣ ገብረ ሚካኤልም አለ። በዓል ሁለት ሁለቴ ነው የምናከብረው።

ትርንጎ፦ አጎቷ ነኝ ቢሉኝ ይሄ ያስኬድ ነበር። አባቷ ነኝ ብለው ነው የገቡት።

ይማም፦ ደርሰህ የቤት ስሜ ነው።

ትርንጎ፦ ኅዳር ላይስ የቤት ስምዎ ማን ነበር? የከድር አባት ሆነው እዚችው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ጥር ላይ ደግሞ የጽጌ አጎት ሆኑ።

ይማም፦ ሰው ይመሳሰላል መምህርት። በዚህ ብርድ ሁሉም ጋቢውን እስከ አፍንጫው ነው የሚከናነበው።

ትርንጎ፦ ዘንድሮ አሥር ወላጅ አስጠራሁ። ከአሥሩ ሦስቱ እርስዎ ነዎት። ሠላሳ በመቶ ማለት ነው። ይሄን ለክፍሉ ጥያቄ አድርጌ ባወጣው ተማሪው በሙሉ መልሱን ሳያሰላ ያውቀዋል።

ይማም፦ ልጅ የአላህ ስጦታ ነው።

ትርንጎ፦ እንግዲያው ወላሂ ይበሉኝ። «ወላሂ የእናንዬ አባት ነኝ» ይበሉኝና አሁኑኑ አስፈርሜ ልሸኝዎት።

ይማም፦ ለዚህች ለትንሽ ነገር ወላሂ አይጠራም።

ትርንጎ፦ ለትልቅ ውሸት ግን ጋቢ ይለበሳል።

ይማም፦ እሺ፣ በቃ። ተነቃብኝ። መታወቂያዬን ይስጡኝና ልሂድ። እርስዎም አላዩኝ፣ እኔም አልመጣሁ።

ትርንጎ፦ በሩ ተቆልፏል። ያለ እኔ የመውጫ ወረቀት ዘበኛው አያስወጣዎትም።

ይማም፦ ዘበኛው የሰፈሬ ልጅ ነው።

ትርንጎ፦ ለዚያ ነው ገና ሲገቡ «የሠራተኛ ደላላው ይማም መጣልሽ» ያለኝ። ለዳይሬክተሩም ደውሎ ነግሯቸዋል። ስብሰባ ላይ ነበሩ፣ እየመጡ ነው።

ይማም፦ ወይ ጎረቤት።

ትርንጎ፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። አሁን ለልጅቷ አሳዳጊ እደውላለሁ። መዝገቡ ወይዘሮ አስካለ ይላል።

ይማም፦ አይደውሉ።

ትርንጎ፦ ደንቡ ነው።

ይማም፦ መምህርት፣ በእናትዎ። ስልኩን ያስቀምጡና ይስሙኝ። እኔን ለፖሊስ ይስጡኝ፣ አልከፋም። እዚያ ቤት ግን አይደውሉ።

ትርንጎ፦ ለምን? አክስቷ አይደሉም? ስትመዘገብ ዘመድ ናት ነው የተባለው።

ይማም፦ በዚህ ከተማ ዘመድ ያልተባለች ሠራተኛ አይተው ያውቃሉ? እኔ ነኝ ያስገባኋት። ጠዋት ልትማር፣ ከሰዓት ልትሠራ ተስማምተን። ሴትዮዋ ግን አስቀድማ አስጠንቅቃለች። «ከትምህርት ቤት አንድ ቀን የተጠራሁ ዕለት ደብተሯም እሷም ከቤቴ ይወጣሉ» ብላለች። የምትናገረውን የምታደርግ ሴት ናት።

ትርንጎ፦ ወደ ወላጆቿ ትመለሳላ።

ይማም፦ አገሯ ያለው ትምህርት ቤት ስድስተኛ ላይ ነው የሚያበቃው። አባቷ ደርሰህ ይዟት ሲመጣ «ያለፈውን ክፍል ደግማ እንዳትማር» ብሎ ነው በእጄ ያስያዘኝ። ከተመለሰች ትምህርት አለቀ ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ ይድሯታል።

ትርንጎ፦ እና እሷ ናት አባት ሁነኝ ብላ የቀጠረችዎት?

ይማም፦ እሷማ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ እኛ ቤት ገብታ አለቀሰች። ሚስቴ ዘሃራ ናት የላከችኝ። «አንተ ነህ ያስገባሃት፣ አንተው አውጣት» አለችኝ። ምሳዬን እንኳ አላቀረበችልኝም። ለመሆኑ ልጅቷ ስንት ብታመጣ ነው ይሄ ሁሉ?

ትርንጎ፦ ከሃያ አምስት አሥራ ሁለት። አርባ ስምንት ከመቶ ማለት ነው።

ይማም፦ ማለፊያው?

ትርንጎ፦ ሃምሳ። ከሃምሳ በታች ያመጣ ሁሉ ወላጅ ያስፈርማል፤ ያላስፈረመ ክፍል አይገባም።

ይማም፦ ሁለት በመቶ ብቻ? መምህርት፣ እኔ ቤት ሳከራይ በሁለት በመቶ ነው ልጆቼን የማበላው። ዕድሜዬን ሙሉ ሰዎች «ሁለት በመቶ ምን አላት፣ ተወን» ሲሉኝ ኖሬያለሁ። ዛሬ እኔ ልበልዎት፦ ሁለት በመቶ ምን አላት?

ትርንጎ፦ የሃያ አምስት ሁለት በመቶ ግማሽ ነጥብ ነው።

ይማም፦ ግማሽ?

ትርንጎ፦ ግማሽ።

ይማም፦ በግማሽ ነጥብ ነው ይህች ልጅ መንገድ ላይ የምትወድቀው? እውነትም ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ትርንጎ፦ ሞኝ አሉኝ?

ይማም፦ ወረቀቱን ነው ያልኩት።

ትርንጎ፦ ግማሿንም የጣለችው በገዛ እጇ ነው። ልትቀልድብኝ ብላ።

ይማም፦ እናንዬ? እሷ እንኳን ልትቀልድ ሲቀለድም አይገባት።

ትርንጎ፦ እኔ የመጽሐፉ ጥያቄ ይሰለቸኛል። ፋብሪካው ስንት ጠርሙስ አመረተ፣ ባንኩ ስንት ወለድ ከፈለ ነው ነገሩ። ስለዚህ ከቤት ኑሮ ጥያቄ አወጣለሁ። ያነብቡ፣ ይኸው አሥራ አንደኛው።

ይማም፦ መነጽሬን አልያዝኩም። ያንብቡልኝ።

ትርንጎ፦ «በአንድ ቤት ድፎ ዳቦ ተቆረሰ። አርባ በመቶውን እንግዶች በሉ። ሠላሳ አምስት በመቶውን የቤቱ ልጆች በሉ። የቀረው ለሠራተኛዋ ነው። ስንት በመቶ ደረሳት?» ይህን ያህል ቀላል ነው። አርባና ሠላሳ አምስት ሰባ አምስት፤ ከመቶ ሲቀነስ ሃያ አምስት።

ይማም፦ እሷ ሳተችው?

ትርንጎ፦ ሃያ አምስትን አግኝታዋለች። ግን እዚያ ላይ አላቆመችም። ከሥሩ ምን ብላ ጻፈች መሰለዎት? «ሃያ አምስት በመቶው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ለሠራተኛዋ የደረሳት ዜሮ በመቶ ነው።» መልሱ ብላ ያሰመረችው ዜሮው ላይ ነው። ስለዚህ ለስሌቱ ግማሽ ሰጥቼ ለመልሱ ግማሽ ቀነስኩ። ጮክ ብዬ ሳነብላቸው ክፍሉ በሳቅ ወደቀ።

ይማም፦ ለክፍሉ አነበቡት?

ትርንጎ፦ አነበብኩት። አስቂኝ ነው ብዬ።

ይማም፦ እሷስ ሳቀች?

ትርንጎ፦ አልሳቀችም።

ይማም፦ ቁም ሣጥኑ ሳሎን ነው ያለው። መስታወት ያለው ነው፣ ዳቦው ከውጭ ይታያል። ቁልፉ በሴትዮዋ አንገት ላይ ነው የሚውለው።

ትርንጎ፦ ምን?

ይማም፦ የነገረችዎት ያየችውን ነው መምህርት። እንግዳ ሲሄድ የተረፈው ይቆለፍበታል። ሲሻግት ለውሻ ይወጣል። ለሷ የሚሰጣት የትናንት ቂጣ ነው፣ እሱም ዕቃ ታጥቦ ካለቀ።

ትርንጎ፦ ይሄን እርስዎ በምን አወቁ?

ይማም፦ ከእናንዬ በፊት ሁለት ልጆች ከዚያ ቤት አውጥቻለሁ። ሁለቱም መጀመሪያ ያወሩኝ ስለ ቁልፉ ነው።

ትርንጎ፦ እያወቁ ሦስተኛዋን አስገቡ?

ይማም፦ ትማር የሚል ሌላ ቤት ካለ ያሳዩኝ። ስንቱን ደጅ ጠናሁላት። አንዷ ሕፃን ታዝልልኝ አለች፣ አንዷ ሌሊት ጠላ ቤት ትቁምልኝ አለች። ደብተር ትያዝ ያለችው አስካለ ብቻ ናት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

ትርንጎ፦ በክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይወስዳታል። ሰነፍ ናት ብዬ ነው የያዝኳት።

ይማም፦ ራብ ነው የሚወስዳት። እንግዲህ ካወቁት ግማሽ ነጥቧን ይስጧት። ሒሳቡን አልሳተችም። ዳቦ የት እንደገባ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ትርንጎ፦ ትናንት ብሰማ ኖሮ በአንድ የእስክርቢቶ ጭረት አስተካክለው ነበር። ሃምሳ ትሆንና ወላጅም አያስፈልግ፣ ፊርማም አያስፈልግ። አሁን አልችልም።

ይማም፦ ምን ተለወጠ?

ትርንጎ፦ እርስዎ መጡ።

ይማም፦ እኔ ምን አደረግኩ?

ትርንጎ፦ ደላላው ይማም ገባ፣ ከመምህርቷ ጋር ተዘጋግተው ቆዩ፣ ሲወጣ ውጤት ተቀየረ። ዘበኛው ምን ብሎ ያወራዋል? ዳይሬክተሩ ምን ይላሉ? ባለፈው ሴሚስተር አንድ መምህር በዚሁ ተጠርጥሮ ተባሯል። እጄን አስረውታል።

ይማም፦ ላድናት መጥቼ?

ትርንጎ፦ ላድናት ብለው መጥተው። ምናለ ራሷ መጥታ ብትነግረኝ።

ይማም፦ ክፍሉ ሁሉ የሳቀባትን ነገር መጥታ ትንገርዎት?

ትርንጎ፦ እውነትዎን ነው። ይሄስ የኔ ጥፋት ነው። ነገ ያንኑ ጥያቄ በዚያው ክፍል ፊት እንደገና አነበዋለሁ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ።

ይማም፦ ነገ ሩቅ ነው። ዛሬ ምን እናድርግ? ያ የመኪና ጥሩምባ የማን ነው?

ትርንጎ፦ ዳይሬክተሩ ናቸው። በሩ እስኪከፈትላቸው ነው።

ይማም፦ በመስኮቱ በኩል መውጫ የለውም?

ትርንጎ፦ ብረት አለው። ቢወጡስ? እሳቸው ሲገቡ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ፊርማውን ነው። ከሌለ ስልኩን አንስተው ራሳቸው ለወይዘሮ አስካለ ይደውላሉ።

ይማም፦ እንግዲያው በዋስነቴ ልፈርም። ዋሷ እኮ ነኝ። ይሄ ውሸት የለበትም፣ ወላሂ።

ትርንጎ፦ የምን ዋስ?

ይማም፦ አስካለ ልጅቷን ስትቀበል አስፈርማኛለች። ማንኪያ ቢጠፋ፣ ወርቅ ቢጠፋ፣ ብርድ ልብስ ቢጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ።

ትርንጎ፦ እሱ ለዕቃው ነው። ለልጅቷስ ማን ዋስ ሆነላት?

ይማም፦ እንደሱ ያለ ዋስ የሚጠራበት ቤት ገብቼ አላውቅም።

ትርንጎ፦ እዚህ የሚለው «ወላጅ ወይም አሳዳጊ» ነው። አባቷ ነኝ ካሉ አልቀበልም። ዋሷ ነኝ ካሉም ቦታ የለውም። በገዛ ስምዎ «አሳዳጊዋ ነኝ» ካሉ ግን ዳይሬክተሩ ፊት ቆሜ እመሰክራለሁ። አባቷ በእጅዎ ነው ያስያዙዎት፤ ከወይዘሮ አስካለ ይልቅ ለአሳዳጊነት የሚቀርቡት እርስዎ ነዎት።

ይማም፦ ፈርሜ ብሄድስ? እንደ ከድሩ?

ትርንጎ፦ የከድር ጊዜ አባትነቱ ከበሩ ሲወጡ አለቀ። ይሄኛው ከበሩ ሲወጡ ነው የሚጀምረው። ራት ካጣች የምጠይቀው እርስዎን ነው። ከቀረች ቤትዎ ድረስ እመጣለሁ።

ይማም፦ ሴትዮዋ ብታባርራትስ?

ትርንጎ፦ ወደ አሳዳጊዋ ቤት ትሄዳለች።

ይማም፦ ቤቴን አይተውታል? አንድ ክፍል ነው። ሁለት ወንዶች ልጆች በመደቡ ላይ ይተኛሉ፣ እኔና ዘሃራ መሬት ላይ ነን። ሴትዮዋ ደግሞ ዝም የምትል እንዳይመስልዎት። «ይማም ያስገባትን መልሶ ያስኮበልላል» ብላ ሰፈሩን ታዳርሳለች። ከዚያ ማን ደጁን ይከፍትልኛል? የምበላው በሰው እምነት ነው መምህርት። ሌላ ሙያ የለኝም።

ትርንጎ፦ አውቃለሁ።

ይማም፦ አውቃለሁ ማለት ቀላል ነው።

ትርንጎ፦ ቀላል ነው፣ እውነት ነው። ይፈርሙ ብዬ አላስገድድዎትም። መውጫ ወረቀቱ ይኸው፣ መታወቂያዎም ይኸው። ከፈለጉ አሁን መሄድ ይችላሉ። ዘበኛው ያስወጣዎታል።

ይማም፦ እንዲህ ሲሉኝማ የባሰ አሰሩኝ።

ትርንጎ፦ ደረጃው ላይ ናቸው። ኮቴያቸው ይሰማል።

ይማም፦ ወንዶቹን አንድ ላይ ማስጠጋት ይቻል ይሆናል።

ትርንጎ፦ ምን አሉ?

ይማም፦ ምንም። ያምጡት ወረቀቱን። የቱ ጋ ነው?

ትርንጎ፦ እዚህ። «አሳዳጊ» ከሚለው ፊት ለፊት፣ ሙሉ ስምዎን። ስልክ ቁጥር የሚለው ላይ የእርስዎን ልጻፍ?

ይማም፦ የዘሃራን ይጻፉ። ልጅቷ ዛሬ ከዚህ ስትወጣ የምትገባው እሷ ዘንድ ነው።